የጠፋ የወርቅ ጉድጓድና የተቀበረ ሀብት፦ ከአዳማ እስከ ሩቅ በረሃ የሚነገሩ አፈ ታሪኮች

ከአዳማ በስተምሥራቅ ያለው አገር ለወርቅ ወሬ የተመቸ ነው። መንገዱ በወለንጪቲ አድርጎ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ሲወርድ ዛፉ እየሳሳ፣ ግራር ብቻ እየቀረ፣ የቦሰትና የፈንታሌ ተራሮች ድንጋያቸውን አግጥጠው ይታያሉ። አዳማ የጅቡቲ መንገድና የባቡር መሥመር መናኸሪያ በመሆኗ የሾፌሩም፣ የግመል ነጋዴውም፣ ከበረሃ የተመለሰው ወታደርም ወሬ የሚራገፈው እዚሁ ነው። ከዚህ ወሬ ውስጥ የማያረጅ ቢኖር በተራራ ውስጥ ተደብቆ ስለቀረ ወርቅ የሚነገረው ነው።

በዓለም ላይ የሚነገሩት የዚህ ዓይነት ታሪኮች ሁለት መልክ አላቸው። አንዱ የጠፋ የወርቅ ጉድጓድ ነው፤ ድሮ ይቆፈር የነበረ፣ ባለቤቱ ሲሞት መግቢያው የጠፋ። ሌላው ሰው ሆን ብሎ የቀበረው ሀብት ነው። በአዳማ ዙሪያ የሚበዛው ሁለተኛው ሲሆን፣ ቀባሪውም አብዛኛውን ጊዜ ጣሊያን ነው።

የጣሊያን ወርቅ

ታሪኩ በየቦታው ይለያይ እንጂ አጥንቱ አንድ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸነፍ አንድ መኮንን ሊሸከመው ያልቻለውን ወርቅ በሣጥን አድርጎ ከተራራ ሥር ያስቀብራል፤ ምስጢሩ እንዳይወጣ ቆፋሪዎቹን ይገድላል፤ ካርታ ሥሎ አገሩ ይገባል። ከብዙ ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ መንገድ ሠሪ ወይም አገር ጎብኚ መስሎ ይመጣና በሌሊት ቆፍሮ ይወስዳል። ጠዋት እረኞች የሚያገኙት ባዶ ጉድጓድ ብቻ ነው። ማስረጃ የሌለው ነገር በባዶ ጉድጓድ መረጋገጡ የዚህ ተረት ትልቁ ብልሃት ይመስለኛል።

ወሬው እዚህ አካባቢ ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአዋሽ መጥቶ አዳማን አልፎ ነው። የጣሊያን ጦር ድልድይ እያፈረሰ የሸሸውም በዚሁ መሥመር ነው። ጥድፊያው እውነት ነው። ወርቁ ግን ያጠራጥራል። የጣሊያን አስተዳደር የሚከፍለው በወረቀት ሊሬ ነበር፤ የአገሩ ገበሬና ነጋዴ ወረቀቱን አልቀበልም ብሎ ጠገራ ብር፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛን ብር፣ ሲጠይቅ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 የብሩን መቅረጫ ከቪየና ወስዳ ሮም ውስጥ ብሩን ማስመታት ጀምራ ነበር። እንግዲህ ሲሸሽ የተቀበረ ነገር ቢኖር እንኳ፣ ከወርቅ ይልቅ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ብር መሆኑ ይቀላል።

ጠገራ ብር መቅበር ደግሞ ተረት አይደለም። የአቢሲኒያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1906 ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በገጠሩም ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የባለጸጋ ካዝና መሬት ነበር። ብሩ በእንስራ ወይም በጋን ተሞልቶ ከጎታው ሥር ይቀበራል፤ ቦታውን የሚያውቀው አባወራው ብቻ ነው፤ እሱ ሳይናገር በድንገት ከሞተ ልጆቹ ቤቱን ይገለብጡታል። ከዚያም የጠለቀ ቅርስ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1940 በደብረ ዳሞ ኩሻን የተባለው ጥንታዊ መንግሥት ያስመታቸው ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ከሕንድ በኩል መጥተው ትግራይ አምባ ላይ የተደበቁ ናቸው። 

ድንጋዩ ምን ይላል?

በአዳማ ዙሪያ የጠፋ የወርቅ ጉድጓድ ተረት ያነሰው ድንጋዩ ስለማይደግፈው ነው። የኢትዮጵያ ወርቅ በብዛት የሚገኘው በአዶላና በለገ ደንቢ፣ በወለጋ፣ በቤኒሻንጉልና በትግራይ፣ ዕድሜያቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆኑ አሮጌ አለቶች ውስጥ እንደ ደም ሥር በሚያልፍ፣ ኳርትዝ በሚባል ነጭ ድንጋይ ሥርና ከዚያ ታጥቦ በወረደ የወንዝ አሸዋ ነው። የስምጥ ሸለቆው ወለል ግን የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ፈንታሌ ለመጨረሻ ጊዜ ቅልጥ ድንጋይ ያፈሰሰው እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ነው። አሮጌው አለት እዚህ ቢኖርም እሳተ ገሞራ በተፋው በዚህ ሁሉ ድንጋይ ሥር ተቀብሮ ነው። በጠራራ ፀሐይ ከሩቅ የሚያብለጨልጨው አብዛኛውን ጊዜ ባልጩት ነው።

ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ግን አይደለም። በአፋር ተንዳሆ አካባቢ ፍል ውኃ ከጥልቅ ይዞት የወጣ ወርቅ በሥር ድንጋይ ውስጥ ተገኝቷል። የዚህ ዓይነቱ ወርቅ ግን አንዳንዱ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ስለሆነ ድንጋዩ ተፈጭቶ በቤተ ሙከራ ካልተመረመረ ማንነቱ አይታወቅም። ግመል የጠፋበት እረኛ ተደናቅፎ የሚያገኘው ነገር አይደለም።

በአሜሪካ አሪዞና የሚነገረው ዝነኛ ተረት እንዲሁ ከድንጋይ ጋር የተጣላ ነው። ያዕቆብ ዋልትዝ የተባለ የጀርመን ተወላጅ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1891 ፊኒክስ ውስጥ ሲሞት፣ ስፐርስቲሽን በሚባሉት ተራሮች ውስጥ ወርቅ የሞላበት ጉድጓድ ምስጢር ለምታስታምመው ሴት ነግሯል ተባለ። አስታማሚዋ ጁሊያ ቶማስ በማግሥቱ ዓመት ፈልጋ አጣችው። አዶልፍ ሩት የተባለ ፈላጊ እ.ኤ.አ. በ1931 ገብቶ ቀረ፤ በኋላ የተገኘው የራስ ቅሉ ነው። እነዚያም ተራሮች የእሳተ ገሞራ ናቸው። እውነተኛው ወርቅ የተቆፈረው ከተራራው ውጭ፣ ጎልድፊልድ በተባለው ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በተራሮቹ ጥብቅ ክልል አዲስ የማዕድን ይዞታ ማውጣት ተከልክሏል፤ ፈላጊ ግን አልጠፋም።

በረሃ ለዚህ ተረት የሚመቸው በሁለት ምክንያት ነው። አፈርና ሣር ስለማይሸፍነው የድንጋዩ ሥር ከሩቅ ይታያል፤ ወርቅ አየሁ ማለት ያስኬዳል። ያየው ሰው ደግሞ ውኃ ጥሙ ይገድለዋል፤ ተመልሶ የሚያሳይ የለም። አውስትራሊያዊው ሃሮልድ ላሰተር በመካከለኛው በረሃ ትልቅ የወርቅ ሥር አይቻለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1930 ጉዞ አስነሣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሬሳው ተገኘ፣ ወርቁ እስካሁን አልተገኘም።

እውነት ሆነው የተገኙት

ከተረቶቹ ሁሉ የተሻለ ዕድል የገጠማቸው የግብፅና የሱዳን ምሥራቃዊ በረሃዎች ናቸው። በጣሊያን ቱሪን ቤተ መዘክር የሚገኘው የፓፒረስ (የጥንት ግብፃውያን ወረቀት) ካርታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1150 ገደማ የተሣለ ሲሆን፣ የዋዲ ሐማማትን ሸለቆ፣ የወርቅ ተራሮቹን በቀይ ዳማ ቀለም ለይቶ፣ የሠራተኞቹን ቤትና መንገዱን ያሳያል። በመጻሕፍት ብቻ ትታወቅ የነበረችው የወርቅ ከተማ በረኒቄ ፓንክሪሶስም እ.ኤ.አ. በ1989 ካስቲሊዮኒ የተባሉ ጣሊያናውያን ወንድማማቾች በዋዲ አላቂ ፍርስራሿን እንዳገኙ አስታውቀዋል። ሰሎሞን 420 መክሊት ወርቅ ያስመጣባት ኦፊር ግን የት እንደሆነች እስካሁን አከራካሪ ናት።

የእኛው ታሪክ ከዚህ አያንስም። የስድስተኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር እንዴት ይሄዱ እንደነበር ጽፏል። ከአምስት መቶ የሚበልጡ ሰዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይጓዛሉ። ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይሠራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ያኖሩታል። የአገሩ ሰው ይመጣና የፈለገው ነገር ላይ እንደ አተር የሚያህል ወርቅ አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል። ባለቤቱ ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል፤ ያኛውም ይጨምራል ወይም ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቃል ሳይለዋወጡ ገበያው ይፈጸማል።

ጠባቂው፣ ወረቀቱና አታላዩ

በአገራችን የተቀበረ ሀብት ጠባቂ አለው ይባላል፤ ዘንዶ ወይም ጋኔን። ለማስለቀቅ ጥቁር በግ ይታረዳል፣ ገብስማ ዶሮ ይዞራል፣ መጽሐፍ ገላጭ ይጠራል። ታላቁ የሰሜን አፍሪካ ሊቅ ኢብን ኻልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ ይህንን ነገር ነቅፎታል፦ ሀብቱን በአስማት የዘጋ ሰው ማንም እንዳያገኘው ነው የዘጋው፤ ታዲያ ለምን ምልክቱን በወረቀት ጽፎ ይተዋል? በዘመኑ ጠርዙ የተቀደደ፣ በባዕድ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ይዘው ባለጸጋ ቤት የሚያንኳኩ አታላዮች እንደነበሩም ገልጿል።

ያ ወረቀት ዛሬም ከሥራ አልወጣም። አሁን የሚመጣው መሬት ስንቆፍር አገኘን ከሚል ነሐስ ጋር ነው። ሻጩ ገጠሬ መስሎ ይቀርባል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ምስጢር ጠብቁልኝ ይላል። ለገዢው ለናሙና የሚሰጠው ቁራጭ እውነተኛ ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ የሚታለለው በቀሪው ነው። ወርቅ ቤት ሲወሰድ አንጥረኛው ቁራጩን በጥቁር ድንጋይ ላይ ፈትጎ በቀረው መሥመር ላይ አሲድ ያንጠባጥባል፤ የነሐሱ መሥመር ፈልቶ ይጠፋል፣ የወርቁ ይቀራል። ክብደቱም ይመሰክራል፦ ወርቅ የውኃን 19 እጥፍ ያህል ይመዝናል፣ ነሐስ ግማሹንም አይሞላ።

በሕግ በኩል፣ የከርሰ ምድር ማዕድን በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ስለሆነ ያለ ፈቃድ መቆፈር አይቻልም። ጥንታዊ ቅርስ ቁፋሮ ላይ ድንገት ያገኘ ሰው ደግሞ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ማስታወቅና እስኪረከቡት ድረስ መጠበቅ አለበት።