ጎረቤትን ማጥናት፦ የአንትሮፖሎጂ ትምህርት በኢትዮጵያ

ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ፣ ኋላ ምሕንድስናም ያጥና ታሪክ፣ ከአንድ ኮርስ አያመልጥም፤ ከሶሻል አንትሮፖሎጂ። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ለተፈጥሮም ለማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪ የጋራ ኮርስ ሆኖ መጣ። ሞጁሉ «አንትሮፖሎጂ ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምርና ወደ ባህል፣ በሙያቸው ምክንያት ወደተገለሉ ሰዎች፣ ወደ ባህላዊ ዳኝነት፣ ወደ አገር በቀል እውቀት ይሄዳል። ብዙዎቹ በፈተና ዋዜማ ሸምድደውት ያልፋሉ። ጥቂቶች ግን እዚያው ይቀራሉ። ዲፓርትመንት ሲመረጥ ወድዶ የሚሞላው አለ፤ ውጤቱ ሌላ ቦታ አላደርስ ብሎት የሚመደብም አለ። የሚገርመው፣ ከተመደቡትም በትምህርቱ ፍቅር የሚወድቁ አይጠፉም።

ቤተሰብ ጋ ሲደወል የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ምንድን ነው እሱ? የሉሲ ነገር?»

ግማሽ እውነት አለው። ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያጠኗት የሰው ዘር አመጣጥ ተመራማሪዎች ነበሩ። እነሱም አንትሮፖሎጂስቶች ይባላሉ። አሜሪካኖቹ አንትሮፖሎጂን አራት ክፍል አድርገው ያስተምሩታል፤ የሰውን አካልና አመጣጥ፣ አርኪዮሎጂን፣ ቋንቋንና ባህልን። እንግሊዞች ደግሞ በሕይወት ያለውን ማኅበረሰብ ለብቻው አውጥተው ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ አሉት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከዚህኛው መስመር ነው። ስለዚህ ስድስት ኪሎ አንትሮፖሎጂ የሚማር ልጅ አጥንት አይቆፍርም። የሚያጠናው ከነነፍሱ ያለውን ሰው ነው፤ ማን ማንን ያገባል፣ ማን ማንን ይዳኛል፣ ሲሞት ማን ይቀብረዋል የሚለውን። በአማርኛ «ስነ ሰብ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ቃሉ ግን ከወረቀት ወርዶ አፍ ላይ አልገባም።

ከአስተርጓሚነት ወደ ጸሐፊነት

ሰውን ተመልክቶ መጻፍ በዩኒቨርሲቲ አልተጀመረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አባ ባሕርይ የሚባሉ መነኩሴ ስለ ኦሮሞ የዕድሜ እርከንና የሉባዎች (በየተራ ሥልጣን የሚይዙ የትውልድ ወገኖች) አፈራረቅ በግዕዝ ጽፈዋል። ንብረታቸውን ከኦሮሞ ጋር በነበረው ጦርነት ያጡ ሰው ስለሆኑ ብዕራቸው ከቂም የጸዳ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ግን ዞር ብለው የራሳቸውን ወገን ይመረምራሉ። ሕዝባችን አሥር ወገን ነው፣ ከአሥሩ የሚዋጋው አንዱ ብቻ ነው፣ ዘጠኙ ከጦርነት ይርቃል ይላሉ። ሌላውን ሲያዩ ራሳቸውን አዩ። ለእኔ የሙያው ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጸሐፊው ፈረንጅ፣ ኢትዮጵያዊው መረጃ ሰጪ ሆነ። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ከጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ስለ አገራቸው ሲጠየቁ ሲመልሱ ነበር። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ድምፅ በየገጹ አለ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የሉዶልፍ ነው።

በ1932 ጎንደር ላይ የሆነውን ዛሬም የሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ ሲመጣ ማንሳት ያስፈልጋል። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፣ ከዳካር ተነሥቶ ጅቡቲ ድረስ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ ቡድን ወራት ጎንደር ተቀመጠ። ሚሼል ሌሪስ የተባለው አባሉ መልካም አየሁ የምትባል የዛር ባለቤት ቤት እየሄደ፣ ከበሮውን እየሰማ፣ ማን በየትኛው ዛር እንደተያዘ እየመዘገበ ከረመ። የሚያስተረጉምለትና የሚጽፍለት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ሥራው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በሌላ በኩል ይኸው ቡድን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ በቦታቸው አዲስ የተሣሉ ቅጂዎች ተክቶ ሄደ። ዋናዎቹ አሁን ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ስለ ሰው ማወቅና ከሰው መውሰድ ምን ያህል ጎን ለጎን እንደሚኖሩ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ነገሩ መዞር የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተከፈተ። ወዲያው የተማሪዎች የኢትኖሎጂ (የሕዝቦች ባህል ጥናት) ማኅበር ተቋቋመና ከ1953 ጀምሮ መጽሔት ማውጣት ያዘ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ተማሪዎች የቤታቸውን ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የልጅ አስተዳደግ ጻፉበት። ጀማሪ ብዕር ነው፤ ግን ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ እናታቸው ቤት ነው የጻፉት። እነዚያ ቅጾች ከብዙ ዓመት በኋላ በአሉላ ፓንክረስት አዘጋጅነት እንደገና ታትመዋል። አሉላ ራሱ በዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂ ያስተማረ፣ ስለ ሠፈራና ስለ ዕድር የጻፈ ሰው ነው።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ለዩኒቨርሲቲው ከሰጡ በኋላ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር የአሉላ አባት ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የተቋሙን ሙዚየም ላላየ ሰው አንድ ነገር ልጠቁም። ዕቃዎቹ ይሄ የእገሌ ብሔረሰብ፣ ያ የእገሌ ተብለው አልተከፋፈሉም። የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልጅነት ወደ ጉልምስና፣ ከዚያ ወደ ሞትና ከሞት ወዲያ። የአንዱ አካባቢ የሕፃን ማዘያ ከሌላው አካባቢ ማዘያ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛል። አንድ ኮርስ ሙሉ የሚፈጀውን ነገር ሁለት ክፍል ዞረህ ትረዳዋለህ።

በዚያው ዘመን አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ ቦረና ወርዶ ገዳን አጠና። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚተላለፍበት፣ ሰው በዕድሜ ሳይሆን በአባቱ እርከን የሚመደብበት ሥርዓት ከውጭ ሲያዩት ግራ ያጋባል። እሱ እንደ ሒሳብ ቁጭ ብሎ አሰላው። የሱ ሥራ በ1973 ከታተመ ወዲህ ገዳን ሳይጠቅስ ስለ አፍሪካ የፖለቲካ ሥርዓት የሚያስተምር ሰው አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ የማስተርስ ትምህርት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ። ዛሬ የዶክትሬት ትምህርትም አለ፤ ባሕር ዳርን ጨምሮ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው ዲፓርትመንት አላቸው።

ሦስት ማዕዘንና ክብ

ክፍል ውስጥ ተማሪው መጀመሪያ የሚስቅበት ትምህርት የዝምድና ሥዕል ነው። ወንድ ሦስት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ ጋብቻ የእኩል ይሆናል ምልክት። «የራስህን ቤተሰብ ሣል» ይባላል። ቀላል ይመስላል። እስከ አያት ይሄዳል፤ ከዚያ ስልክ ያነሣል። «እማዬ፣ የአያቴ አባት ስማቸው ማን ነበር?» እናት ሳትሳሳት እስከ ሰባት ቤት ትቆጥርለታለች። ጋብቻ ሲመጣ «ዘመድ ነው አይደለም?» ብሎ የሚቆጥር ሰው ይሄን ሥዕል በልቡ ሲሥለው ኖሯል።

ቀጥሎ ሥዕሉ አልበቃ ይላል። የክርስትና አባት የት ይገባል? የጡት ልጅስ? በጉዲፈቻ የመጣው ልጅ በየትኛው መስመር ይያያዝ? ከጠረጴዛው ማዶ ያለችው የኦሮምኛ ተናጋሪ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዛ ትነሣለች። አማርኛ በአባትም በእናትም ወገን ያለውን «አጎት» ብሎ ይጨርሰዋል። በኦሮምኛ የእናት ወንድም ኤሱማ ነው፣ የአባት ወንድም አቤራ። ሶማሊኛም አብቲና አዴር ብሎ ይለያቸዋል። ለምን ይለያል? ውርስ፣ ከብት፣ ጠብ፣ ካሳ በማን በኩል እንደሚሄድ በስሙ ውስጥ ስላለ ነው። የዚያን ቀን ተማሪው ቋንቋውን ሳይሆን ቤቱን እንደ አዲስ ሲያይ ታገኘዋለህ።

ቲዎሪው ከባድ ነው፤ አልዋሽም። የሙያው ታላላቅ ስሞች፣ ማሊኖቭስኪ፣ ራድክሊፍ ብራውን፣ ሌቪ ስትሮስ፣ ቦአስ በላይ በላይ ይመጣሉ። ንባቡ በእንግሊዝኛ ነው፣ ምሳሌው የሩቅ ደሴት ነው። ጎበዝ መምህር ግን ምሳሌውን ወደ ዶርዜዎች አገር፣ ጨንቻ ያመጣዋል። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ዶርዜ ውስጥ ሲያጠና አንድ አባባል ሰማ፦ ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾም ያከብራል፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ታዲያ ዶርዜው ረቡዕና ዓርብ ከብቱን ሜዳ ላይ ጥሎ ይተኛል? በፍጹም። እንደ ማክሰኞው ይጠብቃል። አባባሉም እውነት ነው ይላል፣ ከብቱንም ይጠብቃል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት፣ ሰው የሚናገረው ሁሉ አንድ ዓይነት «እውነት» አለመሆኑ ነው። ያልገባህን ሞኝነት አትበለው።

ፊልድ

ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ ድንኳን ተክሎ ከሰዎቹ ጋር ከኖረ ወዲህ፣ ሄዶ መኖር የሙያው መታወቂያ ሆኗል። የኛ የማስተርስ ተማሪ ዓመት የሚቀመጥበት ገንዘብም ጊዜም የለውም፤ የሚያገኘው ወራት ነው። ከወራቱም ላይ የድጋፍ ደብዳቤ የራሱን ይበላል። ከዩኒቨርሲቲ ለዞን፣ ከዞን ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ፤ በየደረጃው ማኅተም፣ በየደረጃው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ግን በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ ስለዚያ ወረዳ ብዙ ይማራል። ማን ሳይጠብቅ ይገባል፣ ማን እንደሱ ይቀመጣል፣ ያ ራሱ መረጃ ነው።

ሩቅ የሚሄድ አለ። ደቡብ ኦሞ ከወረደ ጂንካ ላይ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ያገኛል፤ ሐመርን ለዓመታት ያጠናው ጀርመናዊው ኢቮ ሽትሬከር የመሠረተው ነው። ብዙው ግን ቅርብ ያጠናል። አራዳ፣ ሸዋ፣ የእናቱ ሠፈር። ሰው የማይነግርህ ነገር ይሄ ነው፤ ቅርቡ ከሩቁ ይከብዳል።

ዕድርን ውሰድ። ተማሪው ፕሮፖዛሉ ላይ «ዕድር የመረዳጃ ማኅበር ነው» ብሎ ይጽፋል። አድቫይዘሩ በቀይ ያሰምርበትና «ይሄን ከማን ሰማህ?» ይለዋል። ልጁ ግራ ይገባዋል። ከማን ይሰማል? እናቱ አባል ናት፣ አያቱን የቀበረው ዕድር ነው። እሑድ ጠዋት ስብሰባው ላይ ደብተር ይዞ ከኋላ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚጽፈው የለውም፤ ሁሉንም የሚያውቀው ይመስለዋል። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ዓይኑ ይከፈታል። የቀረ ሰው ይቀጣል ይላል ደንቡ፤ ታዲያ ባለፈው ወር የቀሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ሲቀጣ አንዱ «ታሟል» ተብሎ ታለፈ። ማን ነው ያለለት? ድንኳን የሚሸከሙት ወጣቶች ለምን ከአንድ ሰፈር ብቻ ናቸው? የሴቶቹ ዕድር ጋኑንና ብረት ድስቱን ይዞ ለብቻው ሲኖር መዝገቡን ማን ይጽፍለታል? ገንዘብ ያዡ ስሙን ጠርቶ ያልከፈለውን ሰው ለምን ዓይን ዓይኑን አያየውም? ደብተሩ በአንድ ጠዋት ስድስት ገጽ ይሞላል። የሚያውቀውን ነገር ማየት የጀመረው ያኔ ነው።

ቡና እንደ መሣሪያ መቆጠር አለበት ብዬ አምናለሁ። መቅረጸ ድምፅ ሲከፈት ሰው «እንግዲህ ባህላችን…» ብሎ እንደ ቴሌቪዥን ይናገራል። በሁለተኛው ስኒ ላይ የጎረቤቱ ነገር ይወጣል፣ በረካው ላይ እውነተኛው ነገር። ደግሞ «ለኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ከዚህ በፊት ከፕሮጀክት የመጣ ሰው አበል ከፍሎ ከሆነ፣ ተማሪው ባዶ እጁን መምጣቱ ያስወቅሰዋል። ሐቀኛው መልስ «መመረቂያዬን እጽፍበታለሁ» ነው፤ አፍ ላይ ግን ይከብዳል።

ፈቃድ መጠየቅም የራሱ ጣጣ አለው። ፎርሙ በፊርማ ይላል። የአገር ሰው ግን አሻራና ፊርማ ሲባል ዕዳና ቀበሌ ነው ትዝ የሚለው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፈቃዱ በቃል ይሆናል፣ ጽሑፉ ውስጥም የሰዎቹ ስም ይቀየራል።

ተመርቆስ?

ሥራው ሰፊ አይደለም፤ ግን የለም አይባልም። የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ይቀጥራሉ። ግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ ግድብና መንገድ ከመሠራቱ በፊት በነዋሪው ላይ የሚያመጣውን የሚያጠኑ አማካሪዎች ይፈልጋሉ። መስቀል በ2013፣ ፍቼ ጫምባላላ በ2015፣ ገዳ በ2016፣ ጥምቀት በ2019 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ እያንዳንዱ በዝርዝር የተጻፈ ሰነድ አስፈልጎታል፤ ያ ዓይነት ሥራ ለሙያው ሰው የተሠራ ነው። የቀረው አንድም መምህር ይሆናል፣ አንድም ከአንትሮፖሎጂ ጋር የማይገናኝ ቢሮ ገብቶ በስብሰባ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ እያየ ይኖራል።

ቴሲሱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ በእንግሊዝኛ ዲፌንስ ይደረጋል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የዕድሩ ሰዎች ግን አይረሱም። «ልጄ፣ ያ መጽሐፍ የት ደረሰ?» ይላሉ መንገድ ላይ። ቃሉን የሚያከብር ልጅ አንድ ኮፒ አስጠርዞ እሑድ ይዞላቸው ይሄዳል። ገንዘብ ያዡ መነጽሩን አድርጎ ይቀበለውና ገጽ በገጽ ያገላብጣል። እንግሊዝኛ አያነብም፤ ስሙን ነው የሚፈልገው። ያን ሁሉ የነገረው እሱ አይደል? መጨረሻው ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ቀና ይላል። ልጁ ስሙ ለደኅንነቱ ሲባል መቀየሩን፣ «አቶ ከበደ» የተባለው እሱ መሆኑን ቁጭ ብሎ ያስረዳዋል።

«ከበደ?» ይላል ሽማግሌው። «እሱ እኮ መዋጮ ከፍሎ አያውቅም!»