«በስምምነት ተለያዩ» ማለት ምን ማለት ነው? ምንስ ማለት አይደለም?

አንድ ክለብ አምስት ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ነጥብ ጥሎ ወደ ወራጅ ቀጠናው ሲንሸራተት ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል። አመሻሽ ላይ ሦስት መስመር መግለጫ ይወጣል፦ «ክለባችን ከዋና አሰልጣኙ ጋር በጋራ ስምምነት ተለያይቷል፤ ለነበራቸው ቆይታ እናመሰግናለን።» በማግስቱ ከሐዋሳ ፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ያለው ወሬ ሁሉ እሱ ነው። አንዱ «ተባረረ» ይላል፣ ሌላው «በችግራችን ሰዓት ጥሎን ሄደ» ይላል። ይህ የደጋፊ ስሜት ነው፤ የሚወደው ቡድን ሲወድቅ የሚያይ ሰው ቃል አይመርጥም። ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠ ሰው ግን ቃል የመምረጥ ግዴታ አለበት። «የተለያዩት በስምምነት ስለሆነ ክለቡ ሳንቲም አላወጣም» የሚለውን ትንታኔ አንዴ ሰምቶ ማለፍ ይቻል ይሆናል። በየውድድር ዓመቱ ሲደጋገምና ደጋፊው እንደ እውነት ይዞት ሲከራከርበት ግን ዝም ማለት ይከብዳል።

«በስምምነት» የሚለው ቃል የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሉ በምን መንገድ እንደተቋረጠ። መለያየቱን መጀመሪያ ማን እንደፈለገ አይናገርም። ውጤት የጠፋው በማን ጥፋት እንደሆነም አይናገርም። ገንዘብ አልተከፈለም የሚል ትርጉምማ ከየትም አይወጣለትም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ስምምነት የተደረሰው በገንዘቡ ላይ ነው።

ለመደናገሩ ቋንቋችንም የራሱ ድርሻ አለው። «ክለቡ አሰልጣኙን አሰናበተ» ሲባል ማን ምን እንዳደረገ ግልጽ ነው። «አሰልጣኙ ክለቡን ተሰናበተ» ሲባልም እንዲሁ፤ ሰውየው ደህና ሁኑ ብሎ ወጣ ማለት ነው። የዜና ርዕስ ሆኖ የሚወጣው ግን «አሰልጣኙ ተሰናበተ» የሚለው ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ይሆናል፤ ተባሮም ሊሆን ይችላል፣ በፈቃዱ ወጥቶም ሊሆን ይችላል። «ለቀቀ» እና «ተለቀቀ»ም በአንዲት ፊደል ተለያይተው ሳለ በአንድ ዜና ውስጥ እየተቀያየሩ ይነበባሉ። በተለይ «ታገደ» ከነዚህ ጋር መቀላቀሉ ያሳዝናል፤ የታገደ አሰልጣኝ ውሉ አልተቋረጠም፣ ሥራ እንዳይሠራ ብቻ ነው የተደረገው።

ነገሩን በባጃጅ እንየው። ባለንብረትና ሾፌር ለአንድ ዓመት ተዋዋሉ እንበል። ሾፌሩ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ማስያዣ ሰጥቷል፣ ከኪሱ አውጥቶ ጎማ የቀየረበትና ገና ያልተመለሰለት ገንዘብም አለ። በስድስተኛው ወር ገቢው ቀነሰ። ባለንብረቱ «ቁልፉን አምጣ» ካለ ስንብት ነው። ሾፌሩ ራሱ ቁልፉን አስረክቦ ከሄደ መልቀቅ ነው። ሦስተኛው መንገድ ደብተሩን ዘርግቶ መቀመጥ ነው፤ ማስያዣው ይመለሳል፣ ያልገባው ገቢ ይቀነሳል፣ የጎማው ወጪ ይታሰባል፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ደግሞ «ይህን ያህል ያዝና እንለያይ» ይባላል። ይፈራረማሉ፣ ቁልፉም ያኔ ይመለሳል። በሦስቱም መንገድ ቁልፉ ተመልሷል። ውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ልዩነት አይታየውም፤ ልዩነቱ ያለው ደብተሩ ላይ ነው። ክለቡ ሳንቲም አላወጣም የሚለው ተንታኝ ቁልፉን እንጂ ደብተሩን አላየም።

ደብተሩን በቁጥር እንክፈተው። ለስሌት እንዲመች የአሰልጣኙ የወር ደመወዝ 100,000 ብር ይሁን፤ ከውሉ የቀረው 10 ወር፣ ያልተከፈለው ውዝፍ የ2 ወር ነው። ውዝፉ 200,000 ብር ይሆናል፤ እሱ የሠራበት ስለሆነ ለድርድር አይቀርብም። ድርድሩ በቀሪዎቹ 10 ወራት ላይ ነው፤ ማለትም በ1,000,000 ብር ላይ። ክለቡ ያለ በቂ ምክንያት ቢያሰናብተውና ሰውየው ሥራ ሳያገኝ ቢከስ ሙሉውን የመክፈል ስጋት አለበት። አሰልጣኙም በበኩሉ የራሱ ስጋት አለው። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ክለብ በ80,000 ብር ቢቀጥረው፣ በፊፋ የአሰልጣኞች ደንብ ስሌት የ8 ወሩ አዲስ ገቢ፣ ማለትም 640,000 ብር፣ ከካሳው ላይ ይቀነሳል። የሚቀርለት 360,000 ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። ስለዚህ «400,000 ውሰድ፣ ነገ ነፃ ነህ» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሁለቱም ይፈርማሉ። አሰልጣኙ ገንዘቡን አሁኑኑ ይዞ፣ አዲሱን ደመወዙንም ሳይቀነስበት ይበላል። ክለቡ ከውዝፉ ጋር 600,000 ብር በአንዴም ሆነ በየተራ ያወጣል። በዚያ ላይ ተተኪው በተመሳሳይ ደመወዝ ቢመጣ ሌላ 1,000,000 አለ። ለአንድ ወንበር ያውም በ10 ወር ውስጥ 1,600,000 ብር ወጣ ማለት ነው። «ሳንቲም አላወጣም» የተባለው ይህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ያ የፊፋ ስሌት በቀጥታ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ገጽታ ላለው ክርክር ነው፤ ለምሳሌ የውጭ ዜጋ አሰልጣኝ እዚህ ሲቀጠር። ኢትዮጵያዊ አሰልጣኝ ከኢትዮጵያ ክለብ ጋር ሲጣላ መንገዱ የአገር ውስጥ ሕግና የፌዴሬሽኑ አካላት ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 25 ስለ ስምምነት ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የሥራ ውልን በስምምነት ማቋረጥ ሠራተኛውን የሚያስገድደው በጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢስማማ እንኳ ያ መተው ዋጋ የለውም። ሌላ ማሳሰቢያ፦ አዋጁ የሥራ መሪን አይመለከትም። ዋና አሰልጣኝ የሥራ መሪ ነው ወይስ ሠራተኛ የሚለው እንደ ሥልጣኑ ያከራክራል፤ ሰው የመቅጠርና የማባረር ሥልጣን በውሉ የተሰጠው አሰልጣኝና ቡድን ብቻ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ አንድ አይደሉም።

አሁን የተቃራኒውን ወገን ክርክር እንስማ። «በስምምነት ማለት እኮ በጨዋ አማርኛ ተባረረ ማለት ነው፤ ለምን ታወሳስቡታላችሁ?» የሚል ሌላ ተንታኝ አለ። ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ግማሽ እውነት ይዟል። ብዙ ጊዜ መለያየቱን የጀመረው ክለቡ ነው። ግን «አሰናብቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ የገለጸ ክለብ ምክንያቱን የማስረዳት ሸክም በራሱ ላይ ጭኗል። በፊፋም ሆነ በሎዛን ባለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት አሠራር የውጤት መጥፋት ብቻውን ውል ለማፍረስ በቂ ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም፤ በውሉ ላይ በግልጽ የተቀመጠ ግብ ካለ፣ ለምሳሌ ቡድኑ ከወረደ ውሉ ያበቃል የሚል፣ ያኔ ነገሩ ይለያል። ስለዚህ ክለቡ «በስምምነት» የሚለውን ቃል ሲገዛ የገዛው ክስ አለመኖሩን ነው። ይህን ጨዋ አማርኛ ብቻ ብሎ ማለፍ ዋጋውን መርሳት ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን የእንግሊዝ ሊግ ብንጠቅስ፣ ጣሊያናዊው አሰልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴ ስንብቱንም ስምምነቱንም አይቷል። ቼልሲ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ሲያሰናብተው ከውሉ አንድ ዓመት ይቀር ነበር፤ ነገሩ ወደ ክርክር ሄደ፣ ክለቡም በሒሳብ መግለጫው ለእሱና ለረዳቶቹ ስንብት ከሕግ ወጪው ጋር 26.6 ሚሊዮን ፓውንድ መዘገበ። ቶተንሃም በመጋቢት 2023 ሲለያየው ግን ውሉ ሊያልቅ የቀረው ሦስት ወር ገደማ ነበር፤ መግለጫው «በጋራ ስምምነት» አለ። ያው ሰው ነው፣ ያው ግልፍተኛ ባሕርይ ነው። የተለየው የቀረው ወር ነው። የሚቀረው ጊዜ ሲያጥር የሚያጣላው ገንዘብም ያንሳል።

«ለቀቀ» የሚለውም ቢሆን ሁልጊዜ እንደሚመስለው አይደለም። አሰልጣኙ ኬቨን ኪገን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ከእንግሊዙ ኒውካስል ራሱ ለቀቀ፤ ክለቡ በዝውውር ላይ የመጨረሻ ቃል የአሰልጣኙ መሆኑን ጥሶ ያልፈለገውን ተጫዋች አስፈርሞበት ነበር። በ2009 የግልግል ጉባኤው ክለቡ ውሉን በመጣሱ አሰልጣኙ ሳይወድ እንደተገፋ ቆጥሮ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰነለት። ያ አኃዝ ከሰማይ አልወረደም፤ ክለቡ ቢያሰናብተው የሚከፈለው ተብሎ ቀድሞ በውሉ ውስጥ የተጻፈ ነበር።

ወደ ባጃጁ ልመለስና ምሳሌው የማይሠራበትን ልናገር። ባጃጅ ረዳት የለውም፤ አሰልጣኝ ግን ምክትል፣ የግብ ጠባቂ አሰልጣኝ፣ የአካል ብቃት አሰልጣኝ አለው። «ከነረዳቶቹ ተለያየ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ውልና ፊርማ እንዳላቸው ረስቷል። ቶተንሃም ኮንቴን ሲለይ ረዳቱ ክርስቲያን ስቴሊኒ ቀርቶ ቡድኑን በጊዜያዊነት ይዟል። እኛም ጋ ዋናው ፈርሞ ሲሄድ ምክትሉ ልምምድ ሜዳ ላይ ፊሽካ ይዞ ከቀረ «ከዳው» አይባልም፤ ውሉ አላለቀም። ምሳሌው በአንድ ሌላ ነገር ግን በደንብ ይሠራል፦ ሞተሩ ዘይት የሚበላ ባጃጅ ሾፌር ስለተቀየረለት ገቢው አይጨምርም። ተጫዋች ማስፈረሚያው የዝውውር መስኮት ከተዘጋ በኋላ የመጣ አሰልጣኝ የሚነዳው ያንኑ ሞተር ነው።

በተግባር ነገሩ የሚበላሸው የት ነው? አንዱ ችግር ከውድድሩ አካሄድ ይመጣል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄዳል። የሐዋሳው ቡድን አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሆቴል ውስጥ ሰንብቶ ሳለ ቦርዱ ሐዋሳ ተቀምጦ ይወስናል። ድርድሩ በስልክ ከሆነ «ተስማምተናል» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ቀድሞ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። አሰልጣኙ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ የፈረመው ነገር የለም። ከወር በኋላ የስሌት ጠብ ሲነሳ ክለቡ «ሥራውን ጥሎ ቀርቷል» ይላል፣ አሰልጣኙ «አባርረውኛል» ይላል፤ ስምምነቱን የሚያሳይ የተፈረመ ወረቀት ግን የለም።

ደህና የተጻፈ የመለያያ ስምምነት ሁለት ገጽ አይሞላም። ውሉ የሚያበቃበት ቀን በቁጥር ይገባል፣ ምክንያቱም ደመወዝም ግብርም የሚቆጠረው እስከዚያ ቀን ነው። ውዝፉ ከካሳው ተለይቶ ይጻፋል፤ ሁለቱን ጠቅልሎ «በጠቅላላው 600,000 ብር» ማለት በኋላ የትኛው ተከፈለ የትኛው ቀረ የሚል ጭቅጭቅ ያመጣል። ያልተከፈለ የማሸነፊያ ጉርሻ ካለ በየጨዋታው ይዘረዘራል። ክፍያው በየተራ ከሆነ ቀናቱ፣ አንዱ ቢዘገይ ደግሞ ቀሪው በሙሉ ወዲያው የሚጠየቅ መሆኑ ይሰፍራል፤ ይህች መስመር ከጎደለች አሰልጣኙ የመጀመሪያውን ክፍያ ተቀብሎ ለሌላው ዓመቱን ሙሉ ደጅ ይጠናል። መኖሪያ ቤቱን የሚለቅበት ቀን፣ መኪናና ላፕቶፕ መመለሱ፣ ከዚህ በኋላ አንዱ በሌላው ላይ ጥያቄ እንደሌለው የሚገልጸው መዝጊያም አለ። ከክለቡ በኩል የሚፈርመው ክለቡን ለማሰር ሥልጣን ያለው ሰው መሆን አለበት፤ ቡድን መሪው ሆቴል ውስጥ የፈረመው ወረቀት ብዙ ጊዜ ለዚህ አይበቃም።

ደጋፊ ይህን ሁሉ ለምን ይወቅ? እንደ ሐዋሳ ከተማና አዳማ ከተማ ያሉ ክለቦች በከተማ አስተዳደር የሚደገፉ ናቸው። የመለያያው ገንዘብ ከከተማው ነዋሪ ኪስ የራቀ አይደለም። «ይነሳ!» ብሎ መጮህ የደጋፊ መብት ነው፣ አንዳንዴም ትክክል ነው። ማግስቱን ግን «ማን አስነሳው?» በሚል ክርክር ከመጨረስ «ስንት ወር ቀርቶት ነበር? በስንት ተስማማችሁ? ውዝፉ ተከፍሏል?» ብሎ ቦርዱን መጠየቅ ይሻላል። ተተኪው ሲፈርም ደግሞ አንድ አንቀጽ መኖሩን መጠየቅ ነው፦ «ክለቡ ውሉን ከጊዜው በፊት ቢያቋርጥ የሦስት ወር ደመወዝ በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላል።» የወሩ ቁጥር የድርድር ነው። ይህ አንቀጽ ያለበት ክለብ በቀጣዩ ቀውስ የሚያወጣውን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል፣ በጀቱ ላይም ሊይዘው ይችላል።