የሥነ ልቦና ሙከራ እንዴት ይነደፋል?

የሥነ ልቦና ሙከራ አንድን ነገር ሆን ብሎ ቀይሮ፣ በሰው ባህርይ ወይም አስተሳሰብ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መለካት ነው። ተመራማሪው የሚቀይረው ነጻ ተለዋዋጭ ይባላል። የሚለካው ደግሞ ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው። ስያሜው ትንሽ ያደናግራል፤ “ነጻ” የተባለው ልጓሙ በተመራማሪው እጅ ያለው ነውና።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት እንይ። በሁለተኛው ሙከራቸው 150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት የሚያሳይ አጭር ፊልም ተመለከቱ። ከዚያ 50ዎቹ መኪኖቹ “ሲጋጩ” ፍጥነታቸው ስንት እንደነበር ተጠየቁ። ሌሎች 50ዎቹ የቀረበላቸው ጥያቄ ያው ነው፤ ግን “ሲጋጩ” በሚለው ፋንታ “ሲደቃቁ” የሚል ዓይነት ጠንካራ ቃል ገባበት። የቀሩት 50 ስለ ፍጥነት ምንም አልተጠየቁም። እነዚህ የማነጻጸሪያው ቡድን ናቸው።

ከሳምንት በኋላ ሁሉም “የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?” ተባሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት የሚባል ነገር የለም። ጠንካራውን ቃል ከሰሙት 16ቱ “አዎ” አሉ። “ሲጋጩ” ከተባሉት 7፣ ምንም ካልተጠየቁት ደግሞ 6። እዚህ ነጻው ተለዋዋጭ አንዲት ግስ ናት። ጥገኛው የ“አዎ” መልስ ብዛት ነው። ያ ሦስተኛ ቡድን ባይኖር ኖሮ፣ ሰው ሳይነካካም ያላየውን አየሁ እንደሚል አናውቅም ነበር።

ትልቁ ራስ ምታት ጣልቃ ገብ ተለዋዋጭ ነው፤ ሳንፈልገው ከነጻው ተለዋዋጭ ጋር አብሮ የሚቀያየር ነገር ማለት ነው። እንቅልፍ የማስታወስ ችሎታን ይረዳ እንደሆነ ስንፈትን፣ በደንብ የተኙትን ጠዋት፣ ያልተኙትን ማታ ብንፈትን ልዩነቱን ያመጣው እንቅልፉ ይሁን ሰዓቱ አይለይም። ሰዓቱን ማመሳሰል ይቻላል። የሰዎቹን ተፈጥሮ ግን ማመሳሰል አይቻልም፤ ስለዚህ በዕጣ ይመደባሉ። ዕጣው ጎበዙንም ሰነፉንም፣ ጭንቀታሙንም ዘና ያለውንም በየቡድኑ ይበትነዋል። ዕድሜንና ጾታን ግን በዕጣ ማደል አይቻልም። በእነሱ ላይ የተሠራ ንጽጽር ልዩነት መኖሩን እንጂ መንስኤውን በእርግጠኝነት አይነግረንም።

ያንኑ ሰው በሁለቱም ሁኔታ መፈተን ሌላው ዘዴ ነው። ጥቂት ተሳታፊ ይበቃዋል። ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ሰው ወይ ይለምዳል ወይ ይሰለቻል፤ ግማሾቹ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል እንዲጀምሩ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ተመራማሪው ራሱም ውጤት ያበላሻል። በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ሒሳብ ይሠራል ተብሎ ዝናው ናኝቶ ነበር። መልሱን የሚናገረው በኮቴው መሬት እየመታ ነው። ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ሲያጣራ፣ ጠያቂው መልሱን በማያውቅበት ጊዜ ፈረሱም ይጠፋበታል። ለካ የሚያነበው ቁጥሩን ሳይሆን የጠያቂውን አንገትና ፊት ኖሯል! ዛሬ በብዙ ሙከራዎች ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ ተሳታፊውም ለኪውም እንዳያውቁ የሚደረገው ከእንዲህ ዓይነቱ ስህተት ለመዳን ነው።

ቁጥጥሩ በጠበቀ መጠን ግን ሙከራው ከእውነተኛው ሕይወት ይርቃል። የሎፍተስ ተማሪዎች ግጭቱን ያዩት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ እንደሚያይ ምስክር አልደነገጡም።