ልኩ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ጎጃም ውስጥ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ሴት አያቴ ቤት ምሰሶው ላይ ሁለት የእህል መስፈሪያ ቁና ተንጠልጥሎ ነበር። ሁለቱንም ራሷ ነበረች የሰፋቻቸው። አንድ ቀን የነፍስ አባቷ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው ቀና ሲሉ አዩዋቸው።

«ይቺ ትንሿ ምንድን ናት?»

«ማበደሪያ ናት አባ።»

«ያቺኛዋስ?»

«መቀበያ።»

አባ ሁለቱንም አወረዱና ትንሿን ትልቋ ውስጥ ከተቷት። ገብታ ተቀመጠች፤ ዙሪያዋን ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ቀረ። ጣታቸውን እዚያ ክፍተት ውስጥ አስገብተው ዙሪያውን እያስኬዱ፣ «እዚህ መሐል የሚገባው እህል የማን ነው?» አሏት።

«የአገሩ ወግ ነው እኮ አባ፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያበድረው» አለች አያቴ።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ስንወጣ አንድ ወጣት የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ፍልስፍና ያነባል፤ ልጁ ቅን ነው። «ክፉና ደግ የሚባል በራሱ የቆመ ነገር የለም፤ ማኅበረሰብ የተስማማበት ነው። ለአንዱ ነውር የሆነው ለሌላው ክብር ነው። እኛስ ብንሆን እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ እንል የለ?» አለኝ። ያን ጊዜ ጥቅስ ደራርቤበት ሸኘሁት፤ መልስ ግን አልሰጠሁትም። ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በመጀመሪያ እውነቱን እንቀበልለት። ወግ ይለያያል። ሰላምታው፣ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ታላቅን የማክበሩ ሥርዓት ከአገር አገር አንድ አይደለም። ቁናውም ቢሆን ከገበያ ገበያ ልኩ ይለያይ ነበር፤ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ቢበልጥ በዚህ ብቻ ማንም አልተበደለም። በየትኛውም ገበያ ግን፣ የዚያ አገር ቁና የፈለገውን ያህል ይሁን፣ በትንሽ ሰፍሮ በትልቅ የተቀበለ ሰው ወስዷል። የቁናው ልክ የሰው ስምምነት ነው፤ መስረቅን ክፉ ያደረገው ግን ስምምነት አይደለም። ልጁ እነዚህን ሁለቱን ነው የቀላቀለው። ተረቱም ቢሆን ስለ አሻጋገር ነው የሚያወራው። ዓባይን በደጀን በኩል የሚሻገርና የሰፈሩን ጅረት የሚሻገር ሰው እኩል አይጠነቀቁም፤ ውኃ ግን የትም ቢሆን ያሰጥማል።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ያውቀዋል። ሰው እውነት ሲናገር «ልክ ነህ» እንለዋለን። ልክ ማለት መጠን ነው፣ መለኪያ። ቦታችን የት እንደሚያበቃ የሚነግረን ገመዱ ነው፤ ገመዱ አጠረብኝ ብዬ ብጮህ የጎረቤቴ መሬት የእኔ አይሆንም። «ለእኔ ልክ ነው» የሚለው የዛሬ ዘመን አነጋገር ሲነገር ጆሮዬን የሚቆረቁረው ለዚህ ነው።

አባቶቻችን ከሕገ ኦሪት በፊት ሕገ ልቦናን ያስተምሩናል። ቃየን አቤልን ሲገድል «አትግደል» የሚል ጽላት ገና አልተሰጠም። ግን ሲጠየቅ «አላውቅም» ብሎ ዋሸ። ሰው ጥፋት መሆኑን የማያውቀውን ነገር ምን ብሎ ይደብቃል? ዮሴፍም በግብፅ ባሪያ ነበር፤ እናት አባት የማያዩበት አገር፣ በሩ የተዘጋ። እንደ አገሩ መኖር ቢሆን ኖሮ ከእርሱ የበለጠ ምክንያት ያለው አልነበረም። እርሱ ግን «እንዴት ይህን ትልቅ ክፉ ነገር አደርጋለሁ? በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ኃጢአትን እሠራለሁ?» አለ (ዘፍ. 39፥9)። ሙሴ ገና አልተወለደም። ቅዱስ ጳውሎስ ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ የሕጉ ሥራ በልባቸው እንደተጻፈ፣ ሕሊናቸውም እንደሚመሰክር የተናገረው ይህንኑ ነው (ሮሜ 2፥14-15)።

አሁን ወደሚከብደው፣ ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ።

በአገራችን ደም መመለስ የሚባል ነገር አለ። አባቱ የተገደለበት ልጅ ዝም ካለ ወንድ አይባልም። ለቅሶ ላይ አልቃሿ በግጥም ትወጋዋለች፤ ጠላ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ልክነት ማኅበረሰቡ ያጸደቀው ከሆነ፣ መንገድ ላይ አድፍጦ የሚገድለው ልጅ ልክ ነው፤ ይቅር ያለው አጥፍቷል። የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ደመኛው ራሱ ቂም የያዘው የአባቱ መገደል በደል ስለሆነ ነው። «አልተመቸኝም» ብሎ አይደለም ጠመንጃ የሚያነሣው፤ «ተበደልኩ» ብሎ ነው። ይህችን ቃል ባወጣ ጊዜ ከእርሱም፣ ከገዳዩም፣ ከመንደሩም በላይ ያለ ዳኛ ጠርቷል፤ ያው ዳኛ ነገ እርሱንም ይጠይቀዋል። ሽማግሌዎችና መስቀል የያዙት ካህን ደም ሊያደርቁ ሲመጡ ከደጅ ቆመው የሚማጸኑት በዚያው ዳኛ ስም ነው። ወግ ወግን ሊወቅስ የቻለው ከወግ በላይ የሆነ ስላለ ነው።

ስለ ባርነትም ዝም ልንል አይገባም። በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ሰው መሸጥ በአገራችን ወግም ሕግም ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሰዎች ባሪያ ነበራቸው። ያ ሁሉ ዘመን ልክ ነበር፣ አዋጁ የወጣ ዕለት ስሕተት ሆነ ልንል ነው? ፍትሐ ነገሥት እንኳ ባርነትን በሚደነግግበት ቦታ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ እንደሆነ፣ ባርነት በጦርነትና በጉልበት የመጣ እንደሆነ ይናገራል። አባቶች የሚያደርጉት ሌላ፣ የሚያውቁት ሌላ ነበር። እኛም እንዲሁ ነን።

ልጁ ይህን ሲሰማ የሚያነሣውን አውቃለሁ፤ የቆየ ጥያቄ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ሶቅራጥስ ኤውቲፍሮን የሚባለውን ሰው «ጽድቅ ጽድቅ የሆነው አማልክት ስለወደዱት ነው ወይስ ጽድቅ ስለሆነ ወደዱት?» ብሎ አጣብቆታል። ስለወደዱት ከሆነ ነገ ግፍን ቢወዱ ግፍ ጽድቅ ሊሆን ነው፤ ጽድቅ ስለሆነ ከሆነ ደግሞ ከእነርሱ በላይ ሌላ ሕግ አለ። ለግሪክ አማልክት ከባድ ጥያቄ ነው፤ እርስ በርሳቸው ይጣሉ ነበርና። ለእኛ ግን ቸርነት ለእግዚአብሔር የባሕርይ ገንዘቡ ነው፤ ከውጭ የተቀበለው ሕግ አይደለም፣ እንዳሻው የሚለዋውጠው ትእዛዝም አይደለም። ለልጁ ይህችን ብቻ እሁድ ልነግረው አስቤያለሁ፤ የቀረውን ራሱ ያብላላው።

ለእኔ ግን ከፍልስፍናው ይልቅ ናታን ወደ ዳዊት የመጣበት ታሪክ ይበልጥብኛል (2ኛ ሳሙ. 12)። ባለጠጋው ብዙ በግና ላም እያለው፣ ለእንግዳው ብሎ የድሃውን አንዲት በግ ወሰደ። ያቺ በግ ከድሃው እንጀራ ትበላ፣ ከዋንጫው ትጠጣ፣ በብብቱም ትተኛ ነበር። ዳዊት ሲሰማ ነደደ፤ ይህን ያደረገ ሞት ይገባዋል፣ ስለ በጊቱም አራት እጥፍ ይመልስ አለ። አላመነታም፤ «እንደ ባህሉ ይታያል» አላለም። ልኩን አሳምሮ ያውቀው ነበር፤ የኦርዮን ሚስት በወሰደ ጊዜም ያውቀው ነበር። ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲለው የጨመረለት አዲስ ሕግ አልነበረም፤ ትንሿን ቁና አንሥቶ ትልቋ ውስጥ አስቀመጠለት እንጂ።

ወገኖቼ፣ ልክ የለም የሚለው ክርክር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው የተሰቀለች ትንሽ ቁና አለች። የእኛ ሰው ሲገድል ጀግና፣ የእነርሱ ሲገድል አረመኔ። የእኔ ልጅ ፈተና ሲኮርጅ ብልጥ፣ የሰው ልጅ ሲኮርጅ ሌባ። ኦሪት በቤትህ ታላቅና ታናሽ መስፈሪያ አይኑርህ የምትለው (ዘዳ. 25፥14) ስለ እህል ብቻ አይመስለኝም። እኔ ራሴ ይህን ጽሑፍ ስጀምር ለልጁ ልመልስለት ነበር፤ መሐል ላይ ስደርስ የማን መልስ እንደሆነ ግራ ገባኝ።

አያቴ ያን ቀን አባን «ስንቱን ልመልስ?» አለቻቸው። «የምታስታውሺውን» አሉ። በጣቷ ቆጠረች። ሁለቱ ሞተው ነበር፤ ለእነርሱ በየቤታቸው ለተዝካር እህል ላከች። ትንሿ ቁና የዶሮ መታቀፊያ ሆነች።

በነሐሴ አንዲት ጎረቤት ጤፍ ልትበደር መጣች። አያቴ በትልቋ እስኪቆለል ሰፈረችላት። ሴትዮዋ ስልቻዋን እየያዘች፣ «ምነው እቴ፣ ዘንድሮ ቁናሽ አደገ» አለቻት።

«አላደገም» አለች አያቴ። «ሲያንስ የኖረ ነው።»