ንስሐ ምንድን ነው? ከጸጸት በምን ይለያል?

ሰሞኑን አንድ ሰው “ንስሐ ማለት በቃ መጸጸት ነው፤ ልብህ ካዘነ ጨርሰሃል” ብሎ ጽፎ ከሥሩ ብዙ “አሜን” ተደርድሮ አየሁ። ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ። አሁን ግን በዛብኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር ደጋግመው የሚመጡብኝ ወጣቶች አሉ፦ አልቅሰው የተናዘዙ፣ ከዚያ በሳምንቱ እንባው ሲደርቅ “ንስሐዬ የውሸት ነበር” ብለው ተስፋ የቆረጡ። እንዲህ የምታደርጋቸው ይህቺው የተሳሳተች ትርጉም ናት።

ኑዛዜ እንዴት ነው፣ የንስሐ አባት እንዴት ይያዛል የሚለውን አልገባበትም። ታውቁታላችሁ።

ማቴዎስ 27ን ክፈቱ። ይሁዳ “ተጸጸተ” ይላል። በአፉም “ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ” አለ። ሠላሳውን ብርም መለሰ። እንግዲህ ወንድሜ፣ ንስሐ ማለት ጸጸት ከሆነ ይሁዳ ምን ጎደለው? አዝኗል፣ በደሉን አምኗል፣ ገንዘቡንም መልሷል። የጎደለው የሄደበት አቅጣጫ ነው። የሄደው ወደ ካህናት አለቆች ነበር፤ እነሱም “እኛስ ምን አግዶን?” አሉት። ወደ ጌታው አልተመለሰም። ጴጥሮስም በዚያው ሌሊት ሦስት ጊዜ ክዶ ምርር ብሎ አልቅሷል። ግን ዮሐንስ 21 ላይ፣ ከትንሣኤው በኋላ ዓሣ ሲያጠምድ፣ በባሕሩ ዳር የቆመው “ጌታ እኮ ነው” ሲባል ጀልባው ዳር እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም። 200 ክንድ ያህል ቀርቶት ልብሱን ታጥቆ ባሕሩ ውስጥ ዘለለ።

እዚህ ላይ ቋንቋ የማስተምር ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። የግሪኩ አዲስ ኪዳን ለይሁዳ ጸጸት የተጠቀመበት ግስ ሜታኖያ ከሚባለው፣ ማለትም ከልቡና መለወጥ፣ የተለየ ነው። አንዳንድ ሰባኪ ይህን ይዞ “ይኸው በቃሉ ተረጋገጠ” ይላል። ግን ያው የጸጸት ግስ ማቴዎስ 21 ላይ ለመልካሙ ልጅ ተነግሯል፤ አባቱ ወይን ቦታ ሄደህ ሥራ ሲለው መጀመሪያ “አልወድም” ብሎ ኋላ “ተጸጸተና ሄደ” ለተባለው። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርደው “ሄደ” የሚለው ነው። ዕብራይስጡም ለንስሐ የሚጠቀምበት ግስ ሹብ ነው፤ ተመለሰ ማለት ነው።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው የታክሲ ምሳሌ አለኝ። ከመገናኛ ፒያሳ ልትሄድ ፈልገህ ሳታየው የአያት ታክሲ ውስጥ ገባህ። ሲኤምሲ ስትደርስ ነቃህ። “ወይኔ!” ብለህ ጭንቅላትህን ብትይዝ ታክሲው መሄዱን አያቆምም። ለረዳቱ “ተሳስቼ ነው የገባሁት” ብትለው ያዝንልህ ይሆናል እንጂ መኪናው አይዞርም። እንዲያውም እያዘንክ በሄድክ ቁጥር እየራቅህ ነው። “ወራጅ አለ!” ማለት አለብህ። ትወርዳለህ፣ የከፈልከው ሒሳብ ቀረ፣ አስፋልቱን ትሻገራለህ፣ ወደ መገናኛ የሚመለሰውን ትጠብቃለህ፣ ከዚያ በጉርድ ሾላ በኩል ያንኑ የመጣህበትን መንገድ ትመለሳለህ። ፒያሳ ገና ሩቅ ነው። ፊትህ ግን ዞሯል። ለዚያ እንባው ለደረቀበት ልጅ የምለውም ይሄንኑ ነው፦ ዛሬ አላለቀስክም፣ ግን ወዴት የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ነህ?

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ አያስኬድም። ፒያሳ ወደ አንተ አትሮጥም። የሉቃስ 15ቱ የጠፋው ልጅ አባት ግን ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጠ። ልጁ አጥንቶ የመጣው ንግግር ነበረው፤ መጨረሻው “ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ” የሚል። ቁጥር 19ንና ቁጥር 21ን አስተያዩት። አባቱ ፊት ሲቆም እዚያ አልደረሰም። ቀለበቱና ጫማው ቀደመው።

አማርኛችንም እኮ “ንስሐ ገባ” ነው የሚለው፣ ሱባኤ ገባ እንደምንለው። ሱባኤ የገባ ሰው እዚያ ይቆያል። (ቃል ገባም እንላለን፤ ስለዚህ በአንድ ግስ ላይ ብቻ ትምህርት አልገነባም።) የንስሐ አባት የሚሰጡት ቀኖናም ለዚህ ነው፤ ጾሙና ስግደቱ ለዳነ ሰው መጠንከሪያ እንጂ የኃጢአት ዋጋ መክፈያ አይደለም። ደግሞ ከተናዘዙ በኋላ ለወራት እንቅልፍ የሚነሳ የጥፋተኝነት ስሜት አንዳንዴ ሕመም ነው፣ ሐኪም ያስፈልገዋል። እንዲህ ላለ ሰው የይሁዳን ታሪክ አትጥቀሱበት፣ እባካችሁ።

ሕዝቡ መጥምቁ ዮሐንስን “ምን እናድርግ?” ሲለው የመለሰውን ሉቃስ 3 ላይ እዩ። አልቅሱ አላለም። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል። ቀራጩ ከታዘዘው አብልጦ አይውሰድ። ወታደሩ ሰው አይንጠቅ፣ ደመወዙ ይብቃው። ሥራችሁን ልቀቁ እንኳ አላላቸውም። ቀራጩ ነገም እዚያው ቀረጥ መቀበያው ላይ ይቀመጣል፤ እጁ ግን ሌላ ነገር ያደርጋል።

“የሕይወቴ ዓላማ ጠፋኝ” ለሚሉኝም መልሴ ከዚህ አይርቅም። ጴጥሮስ “በጎቼን ጠብቅ” የተባለው ከተመለሰ በኋላ ነው፣ የካደውም ያው አፍ ነው የሰበከው።

ሙሴ ጸሊምን አስቡ፣ ሰኔ 24 የምናስበውን። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የታወቀ ወንበዴ ነበር። የጥንት የመነኮሳት ታሪክ እንደሚነግረን ሰይፉን በአፉ ነክሶ ዓባይን በዋና ተሻገረ፣ የአንድ እረኛ አራት አውራ በጎች አርዶ በገመድ አሰራቸው፣ እየጎተተ ዋኝቶ ተመለሰ። ኋላ አስቄጥስ ገዳም ገባ። በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ 6 ዓመት ሌሊቱን ቆሞ ይጸልይ ነበር፣ በጨለማም ወጥቶ ለሸመገሉ መነኮሳት ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። አንድ ቀን አራት ዘራፊዎች ማንነቱን ሳያውቁ በዓቱ ገብተው ያዙት። ያ ጉልበት አሁንም አለ። አራቱንም አሰራቸው፣ እንደ ጭድ እስር በጀርባው ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና ወንድሞቹን “እኔ ሰው መጉዳት አይገባኝም፤ ምን ላድርጋቸው?” ብሎ ጠየቀ። ሰዎቹ የተሸከማቸው ያ ስሙ የገነነ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ እነሱም ዝርፊያውን ትተው መነኮሱ።