ያልታወቀ እንግዳን ስለመቀበል የሚተርኩ አስቂኝ የልጆች ሥዕላዊ መጻሕፍት

ሥዕላዊ መጽሐፍ ቃልና ሥዕል ታሪኩን ተካፍለው የሚነግሩበት አጭር መጽሐፍ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አዋቂ ጮክ ብሎ ሲያነብ ልጅ ሥዕሉን እያየ ይከታተላል። ከነዚህ መጻሕፍት የተወሰኑት የማይታወቅ እንግዳ ከቤት፣ ከሰፈር ወይም ከመማሪያ ክፍል ደጃፍ ሲደርስ የሚፈጠረውን ግርግር በቀልድ ይተርካሉ። እንግዳው ነብር፣ ድብ፣ ጭራቅ ወይም አዲስ የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። የሚነበቡላቸው ልጆች በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉ ናቸው። የመጽሐፉን ጥራት ለመመዘን መጀመሪያ የሚታየው ሳቁ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ሲሳካ የሚያስቀው የተቀባዩ ፍርሃት፣ ሰበብና ደንብ ነው፤ ሲበላሽ የሚሳቀው በእንግዳው አነጋገር፣ አለባበስ ወይም አበላል ይሆናል።

የታሪኩ አካሄድ

በብዛት የሚገኘው መደራረብ ነው፤ አንዱ መጥቶ ቦታ ያገኛል፣ ሌላው ይከተላል፣ ቦታው እስኪጨናነቅ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። እንስሳት ተራ በተራ በወደቀ ጓንት ውስጥ እየገቡ የሚጠጋጉበት የዩክሬን ተረት የዚህ አካሄድ የቆየ ምሳሌ ነው። ፓት ሃቺንስ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመችው «በሩ ተደወለ» ደግሞ ነገሩን በስሌት ሠርቶታል፦ 12 ብስኩት ለ2 ልጆች 6፣ 6 ይደርሳል፤ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ልጅ እየተጨመረ ድርሻው ወደ 3፣ ወደ 2፣ በመጨረሻም ወደ 1 ይወርዳል። ብስኩቱ 10 ቢሆን ኖሮ ልጆቹ 4 ሲሆኑ ታሪኩ በስባሪ ይደናቀፍ ነበር። ልጆቹ 12 ከሆኑ በኋላ ደወሉ እንደገና ሲጮህ፣ የሚነበብለት ልጅም በሩ ይከፈት አይከፈት ብሎ አብሮ መወሰን ይጀምራል።

መደራረብ የሚያሰለቸው እንግዶቹ ቁጥር ብቻ ሲሆኑ ነው። እያንዳንዱ መጪ አንድ ነገር መለወጥ አለበት፤ አንዱ ቦታ ያጠባል፣ አንዱ ይንጫጫል፣ አንዱ እርጥብ ሆኖ ይገባል። ለአንድ እንግዳ አንድ ጥንድ ገጽ (መጽሐፉ ሲከፈት ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ገጾች) ወይም ሁለት ጥንድ ገጾች ስለሚያስፈልጉ ከ4 እስከ 6 መጪዎች ይበቃሉ።

ሁለተኛው አካሄድ ቤቱን በአንድ ቀን የሚያራቁት ብቸኛ እንግዳ ነው። በጁዲት ኬር «ለሻይ የመጣው ነብር» (እ.ኤ.አ. 1968) ነብሩ ያለውን ምግብ ሁሉ ይበላል፣ የቧንቧውንም ውኃ ጠጥቶ ይጨርሳል፤ እናትና ልጅ ግን አይጮኹም። ቀልዱ ያለው ከዚህ እርጋታ ላይ ነው፤ እናትየዋ ብትደናገጥ ታሪኩ የሚያስፈራ ይሆን ነበር። ኬር በልጅነቷ እ.ኤ.አ. በ1933 ከቤተሰቧ ጋር ከጀርመን ስለተሰደደች ነብሩን በናዚዎች የፈቱት ሰዎች ነበሩ። እሷ ግን ነብሩ ነብር ብቻ ነው ትል ነበር፤ ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ የአነባበብ ምክር አይገኝም።

ሦስተኛው ብልጥ እንግዳ ነው። ማርሻ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1947 በመጽሐፍ ያወጣችው «የድንጋይ ሾርባ» የቆየ የአውሮፓ ተረት ነው፤ መንደርተኞች ምግባቸውን ደብቀው የለንም ሲሉ 3 ወታደሮች ድንጋይ ይቀቅላሉ፣ የተደበቀውም ጥቂት በጥቂት ይወጣል።

አራተኛው፣ ምናልባትም ለሠዓሊ ከሁሉ የሚመቸው፣ የደንብ ቀልድ ነው። በር ላይ «ጅራት ያለው አይገባም» የሚል ማስታወቂያ ይሰቀላል፤ ጽሑፉ ስለ ዘበኛው ቁጣ ሲያወራ ሥዕሉ ከካፖርቱ ሥር የወጣውን የራሱን ጅራት ያሳያል። ልጁ ከዘበኛውም ከአንባቢውም ቀድሞ ያያል። ይህ ግን ዕድሜ ይፈልጋል፤ ልጆች ሰው የተሳሳተ እምነት ሊኖረው እንደሚችል በደንብ መረዳት የሚጀምሩት በ4 ዓመት አካባቢ ነው። ለ3 ዓመት ልጅ ድግግሞሽ፣ መውደቅና መጨናነቅ ይበልጥ ይሠራሉ።

ገጽና አቀማመጥ

የተለመደው መጠን 32 ገጽ ነው፤ ትልቅ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚሰጥ የገጹ ቁጥር በነዚሁ እየተባዛ ይሄዳል። ለርዕስና ለሕትመት መረጃ የሚሆኑት ሲቀነሱ ለታሪኩ ከ12 እስከ 14 ጥንድ ገጾች ይቀራሉ። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ከ500 ቃላት አይበልጥም። ስለዚህ ደራሲው ከመጨረሱ በፊት 8 ወረቀቶችን ለሁለት አጥፎ የሙከራ ጥራዝ ይሠራል፣ ዓረፍተ ነገሮቹንም ቆራርጦ ይለጥፋል። በወረቀት ላይ ጥሩ የመሰለ ቀልድ ጥራዙ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ ምክንያቱ ጥያቄውና መልሱ በአንድ ጥንድ ገጽ ላይ መውደቃቸው ነው። ማንኳኳቱ በቀኝ ገጽ ታች፣ ያንኳኳው ደግሞ ገጹ ከተገለጠ በኋላ መሆን አለበት።

አቅጣጫም ትርጉም አለው። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ ጽሑፍ ታሪኩ ወደ ቀኝ ይፈሳል። ከቀኝ የሚገባ እንግዳ ፍሰቱን የሚቃወም ስለሚመስል ያስፈራል፤ ከግራ የሚገባው አብሮ ተጓዥ ይመስላል። አንዳንድ ሠዓሊዎች እንግዳውን መጀመሪያ ከቀኝ አስገብተው፣ ከተለመደ በኋላ ከሌሎቹ ጋር ወደ ቀኝ እንዲሄድ ያዞሩታል። ፊትን መሐል እጥፋት ላይ ማድረግ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ጥራዙ አፍንጫውን ይውጠዋል። እስከ ጠርዝ የሚደርስ ሥዕል ከመቁረጫው 3 ሚሊ ሜትር ተርፎ ይሣላል፤ ጽሑፍ ደግሞ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል።

የሚያበላሹ ነገሮች

ከሁሉ የከፋው እንግዳው ቦታውን በአገልግሎት እንዲገዛ ማድረግ ነው፤ እሳት ያጠፋል ወይም የጠፋ ልጅ ያገኛል፣ ከዚያ ይወደዳል። ልጅ ከዚህ የሚወስደው የማይጠቅም እንግዳ ቢመለስም ችግር የለውም የሚለውን ነው። የተቀባዮቹ ለጋስነት ከእንግዳው ጀብዱ በፊት ቢመጣ፣ ወይም እንግዳው ጭራሽ ምንም ሳይጠቅም ቢቀር ይሻላል፤ ሻይ መድፋት ብቻ የሚችል እንግዳ እንዲያውም ይበልጥ ያስቃል። እንግዳውን የራሱ ፍላጎት የሌለው ዝምተኛ ማድረግም ያደክመዋል፤ ቢያንስ አንድ የሚወደውና አንድ የሚጠላው ነገር ይኑረው።

እንስሳን የአንድ ሕዝብ ምሳሌ ማድረግ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነዋሪዎቹ ሁሉ ጥንቸል፣ መጪው ብቻ ተኩላ ከሆነ፣ ተኩላው ጨዋ ቢሆንም ፍርሃቱ ትክክል ነበር ማለት ይሆናል። የመጨረሻው ገጽ ላይ የሚጨመር ምክር ደግሞ በአብዛኛው አርታዒ የሚሰርዘው ነው።

ወላጆች የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ ልጁ ከማያውቀው ሰው ጋር እንዳይሄድ እየተነገረው በመጽሐፍ በር ክፈት ይባላል? መልሱ በአቀማመጡ ይሰጣል። አዋቂ ቤት ውስጥ ይኖራል፣ እንግዳውን የሚያስገባው እሱ ነው፣ ልጁም ብቻውን ከእንግዳ ጋር ወዴትም አይሄድም።

ማንበብና መተርጎም

ገጹን ከመግለጥ በፊት 2 ወይም 3 ሰከንድ ማቆም ቀልዱን ግማሽ ያህል ይሠራዋል። ሥዕሉ ላይ የተደበቀውን አንባቢው ቀድሞ መጠቆም የለበትም። ለእንግዳው ልዩ ድምፅ መስጠት ያስደስታል፤ የውጭ ሰው አነጋገርን ማስመሰል ግን ሳቁን ወደ እንግዳው ይመልሰዋል። ለብዙ ልጆች በአንድ ላይ ሲነበብ ጥቃቅን የሥዕል ቀልዶች ከሩቅ ስለማይታዩ ትልልቅ ሥዕል ያለው መጽሐፍ ይመረጣል።

በብዙ ቋንቋ አብሮ የሚታተም መጽሐፍ ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ብቻ ይደረጋል፤ ቋንቋ ሲለወጥ ማተሚያ ቤቱ የጥቁሩን ቀለም ማተሚያ ሰሌዳ ብቻ ይቀይራል፣ ባለቀለሙ ሥዕል ለሁሉም አንድ ይሆናል። በር ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ከሥዕሉ ጋር በእጅ ከተጻፈ ግን ለየቋንቋው ሥዕሉን መነካካት ይመጣል፤ የደንብ ቀልድ የሚሠራ ሠዓሊ የማስታወቂያውን ቦታ ባዶ ትቶ ማለፍ ያለበት ለዚህ ነው። ወደ ዓረብኛ ወይም ወደ ዕብራይስጥ ሲተረጎም ሥዕሉን በመስተዋት እንደሚታይ መገልበጥ የመግቢያውን አቅጣጫ ያስተካክላል፤ ነገር ግን በሥዕሉ ውስጥ ያሉ ቁጥሮችና ፊደላት ይገለበጣሉ፣ ቀኝ እጁን የሚያነሣውም ግራኝ ይሆናል።