ትኋን ምንድን ነው? አልጋ ለምታከራዩ ሁሉ

ትኋን ደም ብቻ እየጠጣ የሚኖር ትንሽ ተባይ ነው። ክንፍ የለውም፣ እንደ ቁንጫም አይዘልም፣ የሚያውቀው መሮጥና መደበቅ ነው። ሲያድግ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሳይጠጣ ጠፍጣፋ ስለሆነ የባንክ ካርድ በሚያልፍበት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቃል። ሆቴል፣ ፔንሲዮን፣ አልጋ ቤት ወይም የተማሪ ማደሪያ ለምታስተዳድሩ ግን ከባዱ ሌላ ነው። 7 ቁጥር ክፍል ውስጥ ትኋን ተገኘ ማለት 6ም፣ 8ም፣ ከላይና ከታች ያሉትም ክፍሎች ተጠርጣሪ ናቸው ማለት ነው። ብዙ ባለቤት ግን ያቺን አንዷን ክፍል ፍሊት ይነፋታል፣ ለአንድ ቀን ይዘጋታል፣ በማግስቱ ያከራያታል። ከዚያ በወሩ «ይሄ ነገር ደግሞ ከየት መጣ?» ይላል።

የትም አልሄደም ነበር እኮ።

ትኋን ከቆሻሻ ይመጣል የሚባለውን ወሬ እንተወው። ትኋን የሚፈልገው ደምና መደበቂያ ነው፤ ወለሉ በቀን ሦስት ጊዜ ቢወለወል ግድ የለውም። በእንግዳ ሻንጣ፣ በጃኬት፣ ከሌላ ቦታ በተገዛ አሮጌ ሶፋ ይመጣል፤ ባለ አምስት ኮከቡም አይቀርለትም። እ.ኤ.አ. በ2023፣ ኦሊምፒኩ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት፣ ፓሪስ በትኋን ወሬ ስትታመስ ነበር። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት የጤና ደህንነት ተቋም ባወጣው ሪፖርት ከ2017 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ከአገሪቱ ቤተሰቦች 11 በመቶው ትኋን ገጥሟቸዋል። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። እያወቁ ገመናን ሸፍኖ ክፍሉን ማከራየት ነው የሚያሳፍረው።

መኖሩን እንዴት ታውቃላችሁ? እንግዳው ስለተነከሰ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ላይ ምንም ምልክት አይወጣም፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይወጣል፤ ማለትም ዛሬ እናንተ ዘንድ የሚያሳክከው ሰው ባለፈው ሳምንት ሌላ ከተማ ተነክሶ ሊሆን ይችላል። ግን ከእንግዳ ጋር በዚህ መከራከር ትርፉ ጭቅጭቅ ነው። ባትሪ ይዛችሁ ገብታችሁ እዩ። የፍራሹ ስፌት ላይ፣ ከራስጌው ጀርባ፣ የአልጋው ብሎን በገባበት ቀዳዳ፣ ከኮመዲኖው መሳቢያ ሥር፣ ከመጋረጃው እጥፋት ውስጥ። የምትፈልጉት በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ኩሱ ነው። ገለፈቱንና 1 ሚሊ ሜትር የምታህለውን ነጭ እንቁላልም ፈልጉ። ራስጌው ግድግዳ ላይ የተመታ ከሆነ ይነቀል። እውነቱን ለመናገር ራስጌ ሳይነቀል የተደረገ ፍተሻ ፍተሻ አይባልም።

አንድ ጊዜ መርጨት ለምን አይበቃም? እንቁላሉን አስቡ። አንዲት እንስት በቀን ከ1 እስከ 5 እንቁላል ትጥላለች፣ በዕድሜዋ 200 እና ከዚያ በላይ። ብዙው መድኃኒት እንቁላሉን አይገድለውም፣ እንቁላሉም ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የማይመጣ ረጪ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎ ሄዷል። «ክፍሉን ዘግቼ በረሃብ እገድለዋለሁ» የሚልም አለ። አይሆንም። ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል፣ በቀዝቃዛ አገር ደግሞ የበለጠ። መድኃኒት መላመዱም አለ፤ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መድኃኒት በተስፋፋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ሃዋይ ላይ ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን ተገኝቷል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው አብዛኛው ፍሊት የሚሠራበትን የመድኃኒት ዓይነትም ብዙው ትኋን ተላምዶታል።

መድኃኒቱ ሲያቅት ሰው ወደ ጠንካራው ይሄዳል፣ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ኦገስት 2018 ግብፅ ሁርጋዳ ውስጥ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት ካረፉበት አጠገብ ያለው የሆቴል ክፍል ለትኋን ተረጨ። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኝ በር ነበር፤ ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉትና በቃ። ሲነጋ ሁለቱም ታመው ተገኙ፣ በሰዓታት ውስጥም ሞቱ። በ2023 እንግሊዝ አገር የተጠናቀቀው የሞት ምርመራ ምክንያቱን ከተረጨው መድኃኒት ጋር አያያዘው። መበጥበጫው ዳይክሎሮሜቴን የሚባል ኬሚካል ነበር፤ ትነቱ ሲተነፈስ ሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀየራል። ትኋን በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። እሱን ለመግደል የሚረጨው ግን ሰው ይገድላል። የእርሻ መድኃኒት በጠርሙስ ገዝቶ መኝታ ክፍል መርጨት ይቅርባችሁ።

የሚሻለው ሙቀት ነው። እናቶቻችን የብረት አልጋ ላይ የፈላ ውሃ ሲያፈሱ ልክ ነበሩ፣ ችግሩ ውሃው ግድግዳው ውስጥ አለመድረሱ ነው። ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ትልቁም እንቁላሉም ይሞታል። በሌላው ዓለም ክፍሉን በሙሉ በማሞቂያ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አድርሰው ለሰዓታት ያቆዩታል። ውድ ነው፣ መሣሪያውም በየቦታው አይገኝም። የእንፋሎት ማሽን ግን ይገኛል፤ ስፌትና ስንጥቅ ላይ ቀስ እያሉ ማስኬድ ነው። አንሶላና ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ፣ ማድረቂያ ማሽን ካለ በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ ይቆይ። የማይታጠብ ዕቃ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ አራት ቀን ይክረም። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣትስ? ከምንም ይሻላል፣ ግን ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይዞራል።

ትኋን የተገኘበትን ክፍል ዝጉ፣ ከዚያ ግራ ቀኙን፣ ላይና ታቹን ፈትሹ። እንግዳውን ወደ ጎረቤት ክፍል አታዛውሩ፤ ሻንጣው ውስጥ ካለ በገዛ እጃችሁ አሰራጫችሁት። አንሶላው እዚያው ክፍል ውስጥ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ ታስሮ ነው የሚወጣው። ኮሪደር ላይ እየጎተቱ ላውንደሪ መውሰድ ትኋን ማደል ነው። ፍራሹን ዚፕ ባለው ሽፋን አልብሱት። ሶኬትና ቱቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ድፈኑ፣ ከክፍል ክፍል የሚሄደው በዚያ ነው።

ስለ መከላከሉ ረጅም ነገር አያስፈልግም፦ ጨርቅ ያልለበሰ ራስጌ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ ያለ አልጋ፣ በአልጋው እግሮች ሥር የውስጥ ጎኑ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ሳህን። ትኋኑ ይገባል፣ መውጣት ያቅተዋል፣ እናንተም ጠዋት ታዩታላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን አልጋ አንጣፊዋ ናት። ከባለቤቱም ከሥራ አስኪያጁም በፊት የምታየው እሷ ናት። «አንቺ ነሽ በደንብ ያላጸዳሽው» ተብላ ደመወዝ የተቆረጠባት ሴት ሁለተኛ ጊዜ አይታ ዝም ትላለች፤ እናንተም የምትሰሙት ከእንግዳ ነው፣ ያውም ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ለጥፎ። ቀድማ የተናገረችውን ሸልሟት። ከትኋን ማጥፊያው ያነሰ ነው የሚያስወጣችሁ።

ከረጪ ድርጅት ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ የመድኃኒቱን ስም፣ ረጪው የሚመለስበትን ቀንና እንግዳ መቼ መግባት እንደሚችል በጽሑፍ አስቀምጡ። ሙሉ ክፍያውን በመጀመሪያው ቀን አትስጡ።